ቦርሳው ይዘጋጅ፣ ሻማው ይቅር



ከወጣቶቻችን የሚመጣ አንድ ጥያቄ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄዷል። ድሮ «በርዝደይ ማክበር ይቻላል ወይ?» ብቻ ነበር። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ከጓደኞቻችን ጋር ዕቁብ ገብተን፣ የጀርባ ቦርሳችንን አዝለን ናይሮቢ ወይም ዛንዚባር ልንሄድ ነው። እዚያ እያለን የአንዳችን ልደት ይውላል፤ እዚያው ልናከብርለት አስበናል። ምን ትላላችሁ?»

ይህን የሚጠይቁን የአዲስ አበባ ልጆች ብቻ አይደሉም። ደብረ ታቦር፣ ወረታና ነፋስ መውጫ ሱቅ የሚሠራው፣ ሞባይል የሚጠግነው፣ ተመርቆ ሥራ የያዘው ልጃችንም ይጠይቃል።

ሁለት አጫጭር መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ «ሐራም ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ» ይላል። ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ሁለቱም ጠያቂውን ቶሎ ያሰናብቱታል እንጂ አይረዱትም። ጥያቄው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቀዋልና፤ አንዱ ጉዞ፣ ሌላው የልደት ድግስ ነው። እኛ ለያይተን እንመልሳለን። ጉዞው የአባቶቻችን ነው፤ አቅሙ ያለው ይሂድ። ሻማውንና የሻማውን ፎቶ ግን ተዉት እንላለን። ምክንያታችን ከተለመደው ትንሽ ይሰፋል፤ እስከ መጨረሻው ታገሱን።

ልደታችን የትኛው ቀን ነው?

ብዙዎቻችን የተወለድነው ቤት ውስጥ ነው። እናቶቻችንን ብንጠይቅ «ገብስ ሲታጨድ ነው»፣ «ረመዷን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው»፣ «ታላቅህ በተገረዘ በዓመቱ ነው» ይሉናል። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ቅጽ ስንሞላ በግምት የተቀመጠ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚያከብረው ቀን የተወለደበት ሳይሆን የተመዘገበበት የሆነ ስንት ወንድም አለ!

ቀኑ በትክክል ቢታወቅም የምንኖረው በ3 አቆጣጠር ነው። አንዱ የአገራችን፣ አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የሂጅራ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በፀሐይ 33 ዓመት የሞላው ሰው በሂጅራ 34ቱን ጨርሷል። ሳናውቀው የኖርነው አንድ ዓመት አለ ማለት ነው። በሸሪዓ ሚዛን የሚቆጠረው ደግሞ ይኸኛው ነው። የዘካው ዓመት የሚሞላው በሱ ነው። አንድ ልጅ ሌሎች የቡሉግ ምልክቶች ባይታዩበት እንኳ፣ በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ 15 የሂጅራ ዓመት ሲሞላው ተጠያቂነት ይጀምርበታል። በፀሐይ ሲሰላ 14 ዓመት ከ6 ወር ተኩል ገደማ ነው።

ያን ቀን ኬክ የቆረሰ ሰው አናውቅም። ነገር ግን ከልደት ቀኖቻችን ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር፤ ሥራችን መጻፍ የጀመረበት ቀን ነውና። ዕድሜውን ማክበር የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ያችን ቀን አስልቶ ይወቃት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሶላት አለፈኝ፣ ስንት ረመዷን በዋዛ ጾምኩ ብሎ ይቁጠር።

ዑለማእ ምን አሉ?

በልደት ማክበር ጉዳይ ብዙ ዑለማእ ይከለክላሉ። ዒዶቻችን ሁለት ናቸው፤ በየዓመቱ የሚመላለስ ሌላ በዓል ማቆም አይገባም፣ ከሌሎች ጋር መመሳሰልም አለበት ይላሉ። በዘመናችን ካሉት ደግሞ እንደ ኢባዳ እስካልተያዘና ሐራም እስካልገባበት ድረስ እንደ ልማድ የቆጠሩት አሉ። እኛ ወደ መተዉ እናደላለን። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ወንድሙን የሚያኮርፍን፣ ሰላምታ የሚነፍግን ሰው አንደግፍም። ማኩረፉ ከኬኩ የባሰ ነው።

አንድ ነገር ግን እናርም። «የክርስቲያን ልማድ ነው» የሚለው አነጋገር በእኛ አካባቢ ብዙም አይገጥምም። የፋርጣና የእስቴ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አያቶችም ለራሳቸው ልደት ሻማ ሲያጠፉ አልኖሩም። ኬኩም፣ ሻማውም፣ ዘፈኑም ከፊልምና ከትልልቅ ከተማ የመጣ ነው፤ ለሁላችንም እንግዳ ነው። ስለዚህ ነገሩን የጎረቤት ጥላቻ አናድርገው።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ ግን ግልጽ ነው። ሰኞን ለምን እንደሚጾሙ ሲጠየቁ፣ የተወለዱበትና ወሕይ የወረደላቸው ቀን እንደሆነ ተናገሩ። እስቲ ይህን አስተውሉት። የተወለዱበትን ቀን አልረሱትም። ያሰቡት ግን በጾም ነው፤ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ ነው፤ ያለ ወጪና ያለ ታዳሚ ነው። ጾም ፎቶ አይነሳም። ለመወለድ የሚገባው ምስጋና ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ ማስረጃ አንፈልግም።

ጉዞ ግን የእኛ ነው

አንዳንድ ወላጅ «ጉዞ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ሲል እንሰማለን። ይህ ታሪካችንን አለማወቅ ነው። ቁርኣን በምድር ላይ እንድንሄድና እንድንመለከት ደጋግሞ ይጠራናል። አገራችን በእስልምና ታሪክ ውስጥ የገባችው ራሷ በተጓዦች ነው። በ615 ሶሐቦች ከመካ ወጥተው ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ መጡ። ብዙዎቹ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ልጃቸውን ዐብዱላህን ወለዱ። በባዕድ አገር የዋለ ልደት ማለት ይህ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ ኸይበር ድል በሆነበት ዓመት፣ ልጆቻቸውን ይዘው መዲና ገቡ።

ከዚያም ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች መንደር ነበረች። የደሪጣ ሰዎች አሞሌ፣ ቡናና ዝባድ ጭነው ከምጽዋ እስከ ጎጃም ባሶ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግረው እስከ እናርያ ይመላለሱ ነበር። በየመንገዱ ዕድሜያቸው ይጨምር ነበር፤ ማንም ግን አልዘፈነላቸውም። የደረሱበት ቦታ ሁሉ ግን ሶላት አቆሙ፣ በታማኝነት ነገዱ፣ እስልምናም ከነሱ ጋር ተጓዘ።

የደረሳውንም ጉዞ አንርሳ። ከእኛ ደጋ ተነስቶ በእግሩ ወሎ የወረደ፣ ዳና ወይም ጀማ ንጉሥ ደጅ ላይ ዓመታት የቀራ፣ ስልቻና ሎሕ ተሸክሞ የተመለሰ ስንት ሸኽ አለ። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር መስጂድ ውስጥ ደግሞ «የጀበርቲዎች ሪዋቅ» የሚባል የእኛ አገር ተማሪዎች ማደሪያ ነበረ። የግብጽን ታሪክ የጻፉት ታላቁ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ከዚያው ከጀበርት ምድር በተሰደደ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ ለዛሬው ጥያቄያችን የሚቀርበው ግን ኢብን በጡጣ ነው። የተወለደው ረጀብ 17 ቀን 703 ሂጅራ ነው። ከሞሮኮዋ ጠንጃ ለሐጅ የወጣው ረጀብ 2 ቀን 725 ሂጅራ፣ በፈረንጅ ሰኔ 1325 ነው። አስሉት። ከቤቱ በወጣ በ15ኛው ቀን መንገድ ላይ እያለ 22 ዓመት ሞላው። የጉዞ መጽሐፉ ስለዚያች ቀን ድግስ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ሌላ ነው፤ ከወላጆቹ መለየት እንዴት እንደከበደው፣ በትኩሳት ታሞ እንዳይወድቅ በጥምጣሙ ራሱን ከኮርቻው ጋር እንዳሰረ፣ ቱኒስ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲሰላለም ለእሱ ሰላም የሚል ስላጣ እንዳለቀሰ፣ ከሐጃጆቹም አንዱ አይቶት እንዳጽናናው። ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ገደማ ተጓዘ። በእኛ በኩል ዘይላ ድረስ መጣ፤ ከተማዋ በዓሣና በሚታረደው የግመል ደም ስለሸተተችው መርከቡ ላይ አደረ። የአዋቂነቱን ዓመታት በሰው አገር ጨርሶ ለኡማው ያቆየው ግን አንድ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ጉዞን ማንም አይነጥቃችሁ። ልዩነቱ በሄድንበት ርቀት አይደለም። ምን ይዘን ሄድን? ምን ይዘን ተመለስን? የሚለው ላይ ነው።

ሻማውን ለምን ተዉ እንላለን?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። የዛሬ የልደት ጉዞ ዋና ክፍሉ ጉዞው አይደለም፤ ፎቶው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ኬክ፣ በስም የተጻፈ ፊኛ፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ዘፈን። ስቶሪው በ24 ሰዓት ይጠፋል። ያየው ልብ ውስጥ ግን አይጠፋም።

ማን ነው የሚያየው? ጉና ሥር ድንችና ገብስ የሚያርሱ ወላጆች ልጅ ያየዋል። 12ኛ ክፍል አልፎለት ወይም አልፎበት ቤት የተቀመጠው ያየዋል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ያችን መንገድ እንኳ በሰላም መሄድ ያልተቻለባቸው ቀናት ነበሩ። ወረዳውን መውጣት ያልቻለ ልጅ የዕድሜ እኩያውን ውቅያኖስ ዳር ሲስቅ ያየዋል። ከዚያ «እኔስ መቼ ነው የምኖረው?» ይላል። ያን ጊዜ ደላላ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ማስታወቂያውን እኛው ሠርተንለታል።

ደላላው የሚወስድበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ በረሃ ነው። ሌላው በአፋርና በጅቡቲ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ፣ ጦርነት ባለባት የመን በኩል ወደ ሳዑዲ ነው። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ከነሱ መካከል ቦርሳ እንኳ ሳይዝ፣ በለበሰው ልብስ ብቻ የወረደ ብዙ ነበር። እኩያችሁ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የልደት ቀን ነበረው፤ በዚያ ቀን የት እንደነበረ ግን የሚያውቀው አላህ ነው።

የልደት ፎቶ የለጠፈ ሁሉ የስደት ጥፋተኛ ነው አላልንም። ስደትን ያመጣው ድህነት፣ ሥራ ማጣትና ግጭት ነው። ነገር ግን አላህ የሰጠንን ኒዕማ በሌለው ሰው ዓይን ላይ መዘርጋት አዳብ አይደለም። አባቶቻችን ሥጋ ሲጠብሱ ሽታው ጎረቤት ከደረሰ ለጎረቤትም ያቃምሱ ነበር። የዛሬ ስልክ ሽታውን ብቻ ለ1,000 ቤት ይበትናል፤ ሥጋውን ግን ለማንም አያደርስም። የሻማው ነገር የሚያሳስበን በዚህ ነው። የኬኩ ብይን ላይ ዑለማእ ይለያዩ፤ የሌለውን ሰው ልብ መስበር ላይ ግን ልዩነት የለም።

ለሚሄዱት ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ ገንዘቡን መርምሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ከታወጀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በእጥፍና ከዚያ በላይ ሄዷል። ትናንት ይበቃ የነበረ ዕቁብ ዛሬ አይበቃም፤ ብዙ ወጣት ጉድለቱን በብድር ይሞላዋል። ለደስታ ጉዞ ተበድሮ መሄድ፣ ያውም የወላጅ ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ፣ ጉዞ ሳይሆን ሽሽት ነው። ከቂያማ ቀን ጥያቄዎች መካከል ዕድሜህን በምን ጨረስከው፣ ገንዘብህንስ ከየት አምጥተህ የት አጠፋኸው የሚሉት እንዳሉበት በሐዲስ ተነግሮናል። የልደት ጉዞ ሁለቱን ጥያቄዎች ባንድ ቀን ያገናኛል።

ሁለተኛ፣ ጓደኛ ምረጡ፤ አሚርም ሹሙ። ሦስት ሆኖ የሚጓዝ አንዱን መሪ እንዲያደርግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዝዘዋል። ፈጅር ላይ የሚቀሰቅስ፣ ወጪ የሚይዝ፣ «ይህ ቦታ አይሆነንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ወንድና ሴት ያለ መሕረም ተቀላቅለው የሚያድሩበትን ጉዞ ግን ስሙን ብንቀይረው አይቀየርም። እህቶቻችን ማየትና መማር ይገባቸዋል፤ ከወንድም፣ ከአባት ወይም ከባል ጋር ይሂዱ። ወንድሞችም «እኅቴን ይዤ ልሂድ» ማለትን ልመዱ። እናንተ እየዞራችሁ እሷ ብቻ ቤት ጠባቂ መሆኗ ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የመንገዱን ፊቅህ ከመውጣታችሁ በፊት ቅሩ። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ በጉዞ ወደ 2 ረከዐ ያጥራሉ፤ መግሪብና ፈጅር አያጥሩም። አንድ ከተማ 4 ቀንና ከዚያ በላይ ልቆይ ብሎ የነየተ በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ገደቡ 15 ቀን ነው። ሳምንት ዛንዚባር የሚቀመጥ ሰው ይህን ሳይጠይቅ መሄድ የለበትም። የተጓዥ ዱዓ ተቀባይነት ካላቸው ዱዓዎች አንዱ መሆኑንም አስታውሱ፤ ስንቱ ወንድማችሁ እዚህ ዱዓ ይፈልጋል!

አራተኛ፣ ስትሄዱ እዩ። በዛንዚባር ደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ የሚባል መንደር አለ። ጎብኚ ሁሉ ወደዚያ የሚጎርፈው ዶልፊን ለማየት ነው። እዚያው ግን በ500 ሂጅራ፣ በፈረንጅ በ1107፣ የተቀረጸ የኩፊ ጽሑፍ ያለው መስጂድ ይገኛል። ከ900 ዓመት በላይ ማለት ነው። ዶልፊኑን አይታችሁ መስጂዱን ሳታዩ ከተመለሳችሁ ማን ነበር የሄደው እንላለን። ኬንያ የምትሄዱም ከናይሮቢ የገበያ ማዕከል ሌላ ላሙ የምትባል የጥንት ሙስሊሞች ከተማ እንዳለች እወቁ። ለፓስፖርቱ ያልደረሳችሁ ደግሞ ነጃሺን፣ ሐረርን፣ የወሎን መድረሳዎች ሰላም ሲሆን እዩ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን እንኳ ከታች ብቻ እያየን ያደግን ብዙ ነን።

አምስተኛ፣ የተወለዳችሁበት ቀን መንገድ ላይ ቢውልስ? ለቀኑ የተለየ ኢባዳ አትፍጠሩለት፤ ድግስም አታቁሙለት። ሁለት ነገር ግን በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ በዚያም ቀን ይቻላል። የመጀመሪያው ከጓደኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ነፍስን መመርመር ነው። ያለፈው ዓመት ምን ጨመረ፣ ምን ቀነሰ? ማን ዕዳ አለብን? ማንን አስቀየምን? ሁለተኛው ለእናት መደወል ነው። የእኛ ልደት የእሷ የምጥ ቀን ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን ሐኪም በሌለበት፣ መንገድ በሌለበት ደጋ ላይ በሞትና በሕይወት መካከል ሆነው ነው የወለዱን። ሌላ እናት አብራ አምጣ አልተረፈችም። ለኬክ የታሰበውን ገንዘብ ለእናት ላኩላት፤ እናት የሌላችሁ በስሟ ሰደቃ አውጡ። ያን ዓይነት ልደት ደብረ ታቦር ያለ ድሃ ልጅ ቢያየውም ልቡ አይሰበርም፤ እሱም ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላልና።

ፎቶውንስ? አንሱ። ለቤተሰብ አሳዩ፣ ለትዝታ አስቀምጡ። ለሕዝብ የምታወጡት ከሆነ ግን ያያችሁትን አሳዩ እንጂ ራሳችሁን አታሳዩ። የኪዚምካዚን ጽሑፍ አንሱና ታሪኩን ጻፉበት። የቪዛውን ሂደት፣ ሕጋዊውን መንገድ፣ ወጪውን በግልጽ ንገሩ፤ ደላላ የሚያታልለው ልጅ እውነቱን ከእናንተ ይስማ። እንዲህ ያለ ፎቶ ሰውን ያስተምራል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ መከራም እንዳለበት፣ ተጓዥ ጉዳዩን ሲጨርስ ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን መክረውናል። እናንተም ጉዳያችሁን ጨርሱና ተመለሱ። ይህች ደጋ የምትፈልጋችሁ ሄዳችሁ ያያችሁትን ይዛችሁ ስትመጡላት ነው። የደሪጣ ነጋዴም፣ የወሎ ደረሳም እንዲሁ ነበር የሚመለሰው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅና፣ ዕድሜያችሁን በመልካም ሥራ የረዘመ ያድርገው፣ በረሃና ባሕር ላይ የቀሩትን ወንድሞችና እህቶቻችንን ይማርልን፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።